«አሰልጣኙን ማን ገደለው?» እና ሌሎች የክሪኬት ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ዙር ከደረሱን ጥያቄዎች ስለ ክሪኬት የሚጠይቁት በዙ። የሚገርመው ደግሞ አብዛኞቹ በአንድ ሰው ዙሪያ ናቸው፤ ቦብ ዉልመር። ለእንግሊዝ የተጫወተ፣ በኋላ ደቡብ አፍሪካንና ፓኪስታንን ያሠለጠነ ሰው ነው። እኔም ስለዚህ ሰውዬ ለመጻፍ ሰበብ ስፈልግ ነበር። ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ዱባይ ሹፌር ነኝ። አብረውኝ የሚኖሩት ፓኪስታኖች ናቸው። በእረፍት ቀን የቴኒስ ኳስ በኤሌክትሪክ ፕላስተር ጠቅልለው መኪና ማቆሚያ ላይ ክሪኬት ይጫወታሉ። ከጨዋታ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ክርክር ይነሳል። ቦብ ዉልመር የሚባል አሰልጣኛችን ተገድሏል፣ የለም አልተገደለም እያሉ ይጨቃጨቃሉ። ገለልተኛ ነህ ብለው እኔን ዳኛ አድርገውኛል፣ እኔ ደግሞ ሰውየውን አላውቀውም። እውነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከባድ ዳኝነት ነው የጫኑብህ። ሁለቱም ወገን የሚይዘው ነገር አለው። ፖሊስ ራሱ መጀመሪያ «ተገድሏል» ብሎ፣ ሦስት ወር ሳይሞላ «አልተገደለም» ያለበት ጉዳይ ነው።

የ2007 የዓለም ዋንጫ የተካሄደው ዌስት ኢንዲስ፣ ማለትም የካሪቢያን ደሴቶች ላይ ነው። ማርች 17 ቀን ፓኪስታን ጃማይካ ውስጥ፣ ኪንግስተን በሚገኘው ሳቢና ፓርክ ከአየርላንድ ጋር ተጫወተች። አየርላንድ በዓለም ዋንጫ ስትሳተፍ የመጀመሪያዋ ነው፤ ከተጫዋቾቿ ብዙዎቹ እንጀራቸው ሌላ ሥራ ነበር። ቀኑ ደግሞ የቅዱስ ፓትሪክ በዓል፣ የአየርላንዶች ትልቁ ቀን። ፓኪስታን በ132 ሩጫ (ነጥብ ማለት ነው) ሁሉም ወጡባት፣ አየርላንድ በሦስት ዊኬት፣ ማለትም ገና ሦስት ዊኬት ሲቀራት አሸነፈች። ፓኪስታን ቀደም ብላ በዌስት ኢንዲስ ቡድን ተሸንፋ ስለነበር በቃ፣ ውድድሩ አለቀባት። አገር ቤት ደጋፊው አበደ።

በማግስቱ ጠዋት ዉልመር ባረፈበት ፔጋሰስ ሆቴል፣ ክፍሉ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ራሱን ስቶ ተገኘ። ሆስፒታል ቢወሰድም አልተረፈም። 58 ዓመቱ ነበር።

ከአራት ቀን በኋላ የጃማይካ ፖሊስ «ታንቆ ነው የሞተው» ብሎ አወጀ። መነሻው አስከሬኑን የመረመረው የመንግሥት ሐኪም ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን መገመት አያቅትህም። ገና ሐዘን ላይ የነበሩት የፓኪስታን ተጫዋቾች የጣት አሻራ ሰጡ፣ አንድ በአንድ ተጠየቁ። ጋዜጣው የቁማር ማፊያ ነው አለ፣ መርዝ ነው አለ፣ የተናደደ ደጋፊ ነው አለ። ምርመራውን ይመራ የነበረው ማርክ ሺልድስ ድሮ የስኮትላንድ ያርድ ሰው ስለነበር ነገሩ ጭራሽ ፊልም መሰለ።

ከብሪታኒያ፣ ከካናዳና ከደቡብ አፍሪካ የተጠሩ ባለሙያዎች ግን የመጀመሪያውን ውጤት አልተቀበሉትም። ተሰብሯል የተባለው የአንገት አጥንት አልተሰበረም አሉ። ጁን 12 የፖሊስ አዛዡ ወጥተው ሞቱ ተፈጥሯዊ ነው፣ ምርመራው ተዘግቷል አሉ። ዉልመር የስኳር ሕመም ነበረበት፣ ልቡም ጤነኛ አልነበረም። በዓመቱ መጨረሻ ላይ ጉዳዩ ኪንግስተን ውስጥ ከሕዝብ በተመረጡ ሰዎች ፊት ታየ፤ ብይናቸው «ክፍት» የሚባለው ዓይነት ሆነ። ተገደለም፣ ታሞ ሞተም ብለን ለመወሰን ማስረጃው አይበቃንም ማለታቸው ነው። የመጀመሪያው ሐኪም እስከ መጨረሻው ከቃሉ ንቅንቅ አላለም።

እኔ የማምነው ታሞ መሞቱን ነው። ከሦስት አገር የተጠሩ፣ በሙያው የታወቁ ሰዎች አንድ ነገር ሲሉ እነሱን እሰማለሁ። ጓደኞችህ ግን በ«ክፍት» ብይን ሊከራከሩ መብታቸው ነው። ዳኝነትህን በአቻ ዝጋው።

ጥያቄ፦ እኔ ክሪኬት አንድ ቀንም ገብቶኝ አያውቅም። «ኦልራውንደር» የሚሉትስ ምንድን ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ ይመታል። መቺው ኳሷን ራቅ አድርጎ ልኮ፣ ማዶ ከቆመው ጓደኛው ጋር ቦታ እየተቀያየሩ ሲሮጡ ሩጫ ይቆጠርላቸዋል። ኳሷ መሬት ነክታ ከሜዳው ከወጣች አራት፣ መሬት ሳትነካ ከወጣች ስድስት፤ ያኔ መሮጥም አያስፈልግ። ወርዋሪው ደግሞ ከመቺው ጀርባ የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ለማፍረስ፣ ወይም የተመታችው ኳስ በአየር ላይ እንድትያዝ ለማድረግ ይደክማል። እንደዚያ ከሆነ መቺው ይወጣል፣ አንድ ዊኬት ሄደ ይባላል። አሥር ሲወጡ ተራው ለሌላው ቡድን ነው።

አብዛኛው ተጫዋች በአንዱ ነው የሚኖረው። ሁለቱንም አገር ለመወከል በሚበቃ ደረጃ የሚችል ሲገኝ ኦልራውንደር ነው። የህንዱ ካፒል ዴቭና የፓኪስታኑ ኢምራን ካን ከታላላቆቹ ናቸው።

ዉልመር ለኬንት ክለብ ሲጫወት እውነተኛ ኦልራውንደር ነበር፤ በመካከለኛ ፍጥነት ይወረውራል፣ ይመታል። ለእንግሊዝ በቴስት፣ ማለትም እስከ አምስት ቀን በሚሄደው ረጅሙ ጨዋታ ሲሰለፍ ግን ወርዋሪነቱ እየተረሳ ሄደ። 19 ቴስት፣ 1059 ሩጫ፣ የወሰደው ዊኬት 4 ብቻ። ኦልራውንደር ተብሎ ገባ፣ መቺ ሆኖ ቀረ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እንደምን ሰንብተሃል። ለንደን ነው የምኖረው። የልጅ ልጆቼ ክሪኬት ይጫወታሉ፣ እኔም ከነሱ ጋር ስመለከት ለመድኩት። እኔን ያልገባኝ፣ ይህ ሰው ጥሩ ተጫዋች ከነበረ እንዴት 19 ጨዋታ ላይ ቀረ? ተጎድቶ ነው?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እማማ። አልተጎዳም። ሁለት ጊዜ ራሱ ከበሩ ወጣ ማለት ይሻላል።

አነሳሱ የሚያስቀና ነበር። በ1975 ለንደን ኦቫል ሜዳ ላይ ከአውስትራሊያ ጋር 149 ሩጫ ሠራ። ከስምንት ሰዓት በላይ መምቻውን ይዞ ቆመ። በዚያ ዘመን የአውስትራሊያ ወርዋሪዎች ዴኒስ ሊሊና ጄፍ ቶምሰን የእንግሊዝን መቺዎች የሚያስፈራሩበት ጊዜ መሆኑን ልጆቹን ቢጠይቋቸው ይነግሩዎታል። በ1977 ደግሞ በሎርድስና በኦልድ ትራፎርድ ሜዳዎች ሁለት «መቶዎች»፣ ማለትም በአንድ ተራ መቶ ሩጫና ከዚያ በላይ፣ ጨመረ። ሦስቱም መቶዎቹ በአውስትራሊያ ላይ ናቸው። ወደ ሠላሳ ዓመቱ እየተጠጋ፣ ጉልበቱም ልምዱም የተገናኙበት ጊዜ ላይ ነበር።

በዚያው ዓመት ኬሪ ፓከር የሚባል የአውስትራሊያ የቴሌቪዥን ባለሀብት መጣ። የክሪኬት ስርጭት መብት አልሰጥም ስላሉት የራሱን ውድድር አቋቋመና የዓለምን ምርጥ ተጫዋቾች በምስጢር አስፈረመ። ተጫዋች ያን ጊዜ ክፍያው የሚያሳዝን ነበር፤ ዉልመርም ፈረመ። የእንግሊዝ ኃላፊዎች እንደ ከሃዲ አዩአቸው፣ ሊያግዷቸው ሞከሩ፣ ተጫዋቾቹ ፍርድ ቤት ሄደው አሸነፉ። ፍርድ ቤት ማሸነፍና ወደ ቡድኑ መመለስ ግን ለየቅል ነው። በ1980 እና በ1981 ተጠርቶ ነበር፣ ያ የድሮው ዉልመር አልሆነም።

በዚህ የምፈርድበት የለኝም። የሁለተኛው ግን ይከብደኛል። በ1982 መጀመሪያ ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከዓለም ክሪኬት ተገልላ ሳለች፣ በግራሃም ጉች የሚመራ የእንግሊዝ ተጫዋቾች ቡድን በገንዘብ ተስማምቶ ሄደ። ዉልመር አብሮ ሄደ። ሁሉም ሦስት ዓመት ታገዱ። እሱ በ33 ዓመቱ ሦስት ዓመት ማለት መጨረሻው ነው፣ ሆነም።

ሰውየውን ለመረዳት የሚያስቸግረኝ እዚህ ላይ ነው። ያው ሰው ኬፕታውን ሲኖር የነጮቹን ታዋቂ ክለቦች ትቶ፣ አትሎን ሰፈር ውስጥ ያለውን አቨንዴል የተባለ «ከለርድ» የሚሏቸው፣ ቅይጥ ዘር ያላቸው ሰዎች ክለብ ያሠለጥን ነበር። ልጆች ሜዳና መምቻ እንዲያገኙ ደክሟል። አንዱ ሌላውን ያጥባል አልልዎትም። ሁለቱንም አድርጓል።

ጥያቄ፦ ጆሃንስበርግ ጄፒ አካባቢ እነግዳለሁ። እዚህ ያሉ ደንበኞቼ ስለ ክሪኬት ሲያወሩ «1999» የምትል ቁጥር ከወጣች በቃ ፊታቸው ይለወጣል። ምን ሆነው ነው? የዉልመር ጥፋት ነው የሚሉም አሉ።

መልስ፦ ወንድም፣ ደንበኛህን ካልፈለግከው በስተቀር አታንሳበት።

መጀመሪያ ሰውየው ምን እንደሠራ ልንገርህ። ዉልመር ደቡብ አፍሪካን የያዘው በ1994 ነው። ፓኪስታን ውስጥ በተደረገው የመጀመሪያ ውድድሩ ስድስቱንም ጨዋታ ተሸነፈ። ሌላ ቦታ ቢሆን ያኔውኑ ይባረር ነበር። ቆየ፤ በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት ቡድኑ በአንድ ቀን በሚያልቀው የክሪኬት ጨዋታ ከአራቱ ሦስቱን ገደማ የሚያሸንፍ ሆነ። በ1998 ዳካ ላይ ዋንጫ ወሰዱ። የዓለም ክሪኬት ምክር ቤት ከሚያዘጋጃቸው ውድድሮች ደቡብ አፍሪካ ሁለተኛውን ዋንጫ ያገኘችው በ2025 ነው፣ ቴምባ ባቩማ አምበል ሆኖ ሎርድስ ላይ አውስትራሊያን ባሸነፉበት። በመካከሉ 27 ዓመት አለ። ያ የ1998ቱ የዉልመር ዋንጫ ነው፣ ግን ማንም አያነሳውም፤ የሚያነሱት ጁን 17 ቀን 1999ን ነው።

የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ በርሚንግሃም፣ ኤጅባስተን። አውስትራሊያ 213 ሠራች። የመጨረሻዎቹ ስድስት ኳሶች ሲጀመሩ ደቡብ አፍሪካ 9 ሩጫ ይቀራታል፣ ያላት ዊኬት አንድ። መምቻውን የያዘው ላንስ ክሉዝነር ነው፣ የዚያ ውድድር ኮከብ። የመጀመሪያዋን መታት፣ አራት። ሁለተኛዋን መታት፣ አራት። እኩል ሆኑ! አራት ኳስ አለ፣ የሚያስፈልገው አንዲት ሩጫ። ሦስተኛዋ ላይ ማዶ የቆመው አለን ዶናልድ ቸኩሎ ወጥቶ ለጥቂት ተረፈ። አራተኛዋ ላይ ክሉዝነር መትቶ ሮጠ። ዶናልድ አሁን ደግሞ ከቅድሙ ድንጋጤ ይሁን አላውቅም ኳሷን እያየ ቀረ፣ ክሉዝነር አጠገቡ ሲደርስ ነው የነቃው፣ መምቻው ከእጁ ወደቀ፣ ባዶ እጁን ሲሮጥ አውስትራሊያዎች ማዶ ያለውን እንጨት አፍርሰው ጨፍረዋል። ሁለት ኳስ ሳትወረወር ቀረች። ውጤቱ አቻ ሆነ፤ ግን በቀደመው ዙር በደረጃ የምትበልጠው አውስትራሊያ ስለነበረች እሷ አለፈች፣ ፍጻሜው ላይም ፓኪስታንን አሸነፈች።

ኤጅባስተን ደግሞ ለዉልመር ቤቱ ነው። ዎሪክሻየር የተባለውን የእንግሊዝ ክለብ ያሠለጠነበት ሜዳ። ዶናልድም ለዚያው ክለብ ነበር የሚጫወተው። ሁለቱም የሳሩን ጠረን ሳይቀር የሚያውቁት ቦታ ላይ ነው የወደቁት።

የዉልመር ጥፋት ነው? እኔ አይመስለኝም። አራት ኳስ እያለ መቸኮል አሰልጣኝ የሚያስተምረው ነገር አይደለም። የሚወቀስ ካለ፣ ሁለቱ መቺዎች ከሦስተኛዋ ኳስ በኋላ ተጠጋግተው አለመነጋገራቸው ነው። ዉልመር ከዚያ ውድድር በኋላ ሥራውን ለቀቀ። በዓመቱ፣ ኤፕሪል 2000፣ አምበሉ ሃንሲ ክሮንየ ከአቋማሪዎች ገንዘብ መቀበሉን አመነና ዕድሜ ልኩን ታገደ። አምስት ዓመት አብሮት ለሠራ አሰልጣኝ ከኤጅባስተን የከፋ ሽንፈት ይኼ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የሰፈር ታዳጊዎችን እግር ኳስ አሠለጥናለሁ። ይህ ሰው ለተጫዋቾች ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ነበር የሚባለው እውነት ነው? ከሱ የምንወስደው ነገር ካለ ንገረን። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ጥያቄህን ወድጄዋለሁ፤ ከሞቱ ይልቅ ስለ ሥራው የጠየቅከኝ አንተ ነህ።

እውነት ነው። ደቡብ አፍሪካ በ1999ኙ የዓለም ዋንጫ የመጀመሪያ ጨዋታዋን ከህንድ ጋር ሆቭ ሜዳ ላይ ስታደርግ፣ ክሮንየና ዶናልድ ጆሯቸው ውስጥ ትንሽዬ ማዳመጫ ይዘው ገቡ። ዉልመር ከሜዳ ውጭ ሆኖ ያዋራቸዋል። የሚከለክል ግልጽ ሕግ አልነበረም። የጨዋታው የበላይ ኃላፊ ግን ሲያውቅ አውልቁ አላቸው፣ በኋላም ማዳመጫው በይፋ ታገደ። የብዙ ሰው አስተያየት «አጭበረበረ» ነበር። እኔ ግን ያደረገውን በድብቅ ያደረገው አይመስለኝም፣ ሐሳቡም እብደት አልነበረም። ዛሬ የክሪኬት አሰልጣኞች ከሜዳ ዳር በወረቀትና በቁጥር ምልክት መልእክት ሲልኩ አይተናል።

ዉልመር ላፕቶፕ ይዞ ከሚዞሩት አሰልጣኞች የመጀመሪያዎቹ ውስጥ ነው። የእያንዳንዱን መቺ ቪዲዮ ቆርጦ ያሳያቸው ነበር። ከኬፕታውኑ የስፖርት ሳይንስ ሊቅ ከቲም ኖክስ ጋር ስለ ሰውነት አሠራርና ስለ ድካም ይወያይ ነበር። ግን እንደኔ ትልቁ ነገሩ ማሽኑ አይደለም። የድሮ አሰልጣኝ «እንዲህ አይመታም» ብሎ የሚከለክለውን ነገር እሱ «ለምን አይመታም?» ብሎ ይሞክረዋል። ለምሳሌ ሪቨርስ ስዊፕ የሚባል አመታት አለ። መቺው እጁን ገልብጦ ኳሷን ማንም ወዳልጠበቃት አቅጣጫ ይልካታል። ብዙ ሊቃውንት እንደ ነውር ያዩት ነበር። ዉልመር ዎሪክሻየር ላይ ልምምድ አድርጎ አስገባው፣ ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ተከላካይ በሌለበት በኩል መምታት ነውር ሊሆን አይችልም። ዛሬ ያለዚህ አመታት አጭሩን ጨዋታ ማሰብ ከባድ ነው።

ውጤቱን ደግሞ እየው። በ1994 ዎሪክሻየር በእንግሊዝ ከነበሩት አራት ዋንጫዎች ሦስቱን ጠራርጎ ወሰደ፣ በአራተኛው ለፍጻሜ ደርሶ ተሸነፈ። በዚያው ዓመት ጁን 6 ብራያን ላራ ለዎሪክሻየር ከደርሃም ክለብ ጋር ሲጫወት ሳይወጣ 501 ሩጫ ሠራ፣ እስከ ዛሬ ያልተሰበረ ክብረ ወሰን። ከዚያ በፊት የነበረው ክብረ ወሰን የፓኪስታኑ ሃኒፍ ሞሃመድ 499 ነበር፤ በ1959 ካራቺ ላይ 500ኛዋን ሲሮጥ የወጣበት። ያን ቀን ሜዳው ላይ ከነበሩት ተመልካቾች አንዱ የአሥር ዓመቱ ቦብ ዉልመር ነው። የተወለደው ህንድ፣ ካንፑር ነው፣ አባቱም እዚያ ክሪኬት ይጫወት ነበር። 499ኙን በልጅነቱ ያየ፣ 501ዱን በአሰልጣኝነት ያየ። እኔ ብጽፈው ማን ያምነኛል?

ለታዳጊዎችህ የምመክርህ፣ ላፕቶፑን ተወው፣ «ለምን?» የምትለዋን ውሰድ። ልጅ ያልተለመደ ነገር ሲሞክር ከመጮህህ በፊት ምን እንዳየ ጠይቀው።

ጥያቄ፦ እንግሊዛዊ ሆኖ ፓኪስታኖች እንዴት ተቀበሉት? እዚያስ ምን ሠራ? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ እኅቴ፣ በ2004 ሲመጣ ብዙ ሰው ስድስት ወር አይቆይም ብሎ ነበር። እሱ የተተካው በጃቬድ ሚያንዳድ ቦታ ነው፣ በፓኪስታን የክሪኬት ጀግና። በ2005 ህንድ ሄደው የቴስቱን ተከታታይ ጨዋታዎች በአቻ ወጡ፣ የአንድ ቀኑን 4 ለ 2 አሸነፉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ እንግሊዝን አገራቸው ላይ 2 ለ 0፣ ቀጥለው ህንድን 1 ለ 0። ጥሩ ነበር።

ከዚያ 2006 መጣ። ኦገስት ላይ ኦቫል ውስጥ ዳኞቹ ዳሬል ሄርና ቢሊ ዶክትሮቭ ኳሷን ሆን ብላችሁ አበላሽታችኋል ብለው ፓኪስታንን ቀጡ። አምበሉ ኢንዛማም ኡል ሐቅ ከሻይ እረፍት በኋላ ቡድኑን ይዞ አልወጣም አለ። ዳኞቹ ጨዋታውን ለእንግሊዝ ሰጡ። በቴስት ታሪክ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ነው። በኋላ ኢንዛማም ከማበላሸቱ ክስ ነፃ ወጣ፣ ባለመውጣቱ ግን አራት ጨዋታ ታገደ። ሁለት ወር ሳይቆይ ሾይብ አክታርና ሞሃመድ አሲፍ በአበረታች መድኃኒት ተገኙ። አሰልጣኙ በየሳምንቱ ጋዜጠኛ ፊት ቀርቦ ሌላ ሰው የሠራውን ያስረዳ ነበር። እስከ ኪንግስተን ድረስ የሄደው በዚህ ሁኔታ ነው። ስለ ሞቱ ሰው ማፊያ ይፈልጋል፤ እኔ ያን አንድ ዓመት ብቻ ሳየው ለታመመ ልብ ይበቃል እላለሁ።

ከሞተ ከሦስት ቀን በኋላ ፓኪስታን ዚምባብዌን 93 ሩጫ በልጣ አሸነፈች። ኢንዛማም የመጨረሻ የአንድ ቀን ጨዋታው ነበር፤ እያለቀሰ ከሜዳ ወጣ። መንግሥትም በኋላ ሲታራ-ኢ-ኢምቲያዝ የተባለውን ከፍተኛ የክብር ሜዳልያ ለዉልመር ሰጠው። ስለዚህ አዎ፣ ተቀብለውት ነበር።

ጥያቄ፦ ሌላ ኦልራውንደር ሆኖ አሰልጣኝ የሆነ ካለ በአጭሩ። (ከአዳማ)

መልስ፦ ሞልተዋል። ካፒል ዴቭ በ1983 ህንድን አምበል ሆኖ የዓለም ሻምፒዮን አደረገ፤ አሰልጣኝነቱ ግን አንድ ዓመት ያህል ብቻ ቆይቶ በ2000 አለቀ። ራቪ ሻስትሪ በተቃራኒው ነው፤ እሱ አሰልጣኝ ሳለ ህንድ አውስትራሊያን እዚያው አውስትራሊያ ላይ ሁለት ጊዜ የቴስት ተከታታይ አሸንፋለች። አሁን ማየት ከፈለግክ የሴንት ሉሺያውን ዳረን ሳሚን ተከታተል። በ2012 እና በ2016 ዌስት ኢንዲስን በአምበልነት የቲ-ትዌንቲ፣ ማለትም የአጭሩን ጨዋታ፣ ዓለም ዋንጫ አስወሰደ። ከ2023 ጀምሮ የአጫጭሮቹ ጨዋታዎች አሰልጣኝ ሆነ፣ በ2025 ደግሞ ቴስቱንም ደረቡለት።